በረዶ ይዤ ክፍል የገባሁ ቀን

ጉና ተራራ ሥር የምታስተምረው እህቴ አመማትና አንደኛ ክፍሎቿን ለአንድ ቀን እንድይዝላት ለመነችኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ትምህርቱ ውሃ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን ነበር። ስለዚህ ውሃ በሳህን ደጅ አሳደርኩ፤ ጠዋት እንደ መስታወት ጠጥሮ አገኘሁት።

«ልጆች፣ ዛሬ በረዶ አምጥቼላችኋለሁ» አልኩ።

ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ «እግዚኦ! እግዚኦ!» ይል ጀመር። ለካ እዚያ በረዶ ሲወርድ ሰው ሁሉ ለአዝመራው እንዲህ ነው የሚጸልየው።

«ኧረ ውሃ ነው! ንኩት» ብላቸው ማንም አልቀረበም። በመጨረሻ አዲሴ የምትባል ትንሽ ልጅ መጣች።

«ዓምና ገብሳችንን የጨረሰው ይሄ ነው?»

«አዎ... ግን ውሃ ነው።»

«ውሸት ነው፣ ቲቸር!»

ከሳህኑ አንድ ስባሪ በረዶ አንስታ በሁለት እጇ ጨበጠችው። ጣቶቿ ቀሉ። «ተይው፣ ያምሻል» ብላት አልለቀቀችም። ውሃው በጣቶቿ መሃል ይንጠባጠብ ጀመር። ልጆቹ ከበቧት። እጇን ስትዘረጋው ምንም የለም። መዳፏን ላሰችው።

«እውነትም ውሃ ነው» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ታዲያ ምናለ እንዲሁ ውሃ ሆኖ ቢወርድልን?»