የቻይልድ ቤኔፊት ፊርማ ፍለጋ ከስካርቦሮ እስከ ብሉር

ጠዋት፣ ስካርቦሮ

ማክሰኞ ጠዋት ከቤት የወጣነው አራታችን ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ መስፍን፣ የሰባት ዓመቷ ልጃችን ሶልያና እና በጋሪ የሚገፋው ናታን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ሶልያናን የምንተውበት ቦታ አልነበረንም። የምንሄደው ለልጆቹ ቻይልድ ቤኔፊት ለማመልከት ነው። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ እዚህ አገር መንግሥት ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ በየወሩ ድጎማ ይከፍላል፤ አዲስ መጪ ግን ካላመለከተ ማንም በሩን አንኳኩቶ አይሰጠውም።

እኛ ከአዲስ አበባ ከመጣን ገና ሦስት ወራችን ነው። የምንኖረው በመስፍን ታላቅ ወንድም ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ወንድምየው ውጡ አላለንም፤ ሚስቱም ፊት አልነሳችንም። ነገር ግን ናታን ባለቀሰ ቁጥር ከላይ የእግር ኮቴ ቀጥ ሲል ይሰማኛል፤ ያኔ እኔም ባለሁበት ቀጥ እላለሁ። ፍሌሚንግደን ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት አይተናል። ድጎማው ከተፈቀደልን እንከራየዋለን፤ ካልሆነ እዚያው ኮቴ እየሰማን መኖር ነው። ስለዚህ የዚያን ቀን ጉዞ ለኔ ሽርሽር አልነበረም።

ቅጹን መስፍን ዋዜማውን ሞልቶ በፕላስቲክ ከቨር ውስጥ አስገብቶታል። አገር ቤት የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ጽሕፈቱ ያምራል፤ ቅጽ ሲሞላ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ነው። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም። በቤታችን ወረቀት የእሱ ነው፣ ልጅና ድስት የኔ።

ባሱ ዘገየ። በረዶው መቅለጥ ጀምሮ የመንገዱ ዳር ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ የጋሪው ጎማ እየተያዘ ያስቸግራል። መስፍን በየደቂቃው ስልኩን ያያል። ቀጠሮው ካለፈን ቀጣዩን የሚሰጡን ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው ተብለናል። ባሱ ሲመጣ ሾፌሩ መወጣጫውን አወረደልን። የአዋቂ ሒሳብ ሦስት ዶላር ከምናምን ነው፤ ልጆች በነፃ ይሄዳሉ። ሶልያና በነፃ መሄዷን ለባሱ ሁሉ እየተናገረች ገባች።

ዋርደን ጣቢያ

ባቡር ስንጠብቅ አንዲት ነጠላ በካፖርታቸው ላይ ያጣፉ እናት ከአግዳሚው ተነስተው ወደ እኛ መጡ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወደ ጋሪው ጎንበስ አሉ።

«ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ሳቢለት እንጂ! የዚህ አገር ንፋስ ምሕረት የለውም።»

«እሺ እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«አዲስ ናችሁ? ታስታውቃላችሁ። እኔ በሰማንያዎቹ ነው የገባሁት፣ ከሱዳን። ወዴት ናችሁ ታዲያ በጠዋቱ?»

«ለቻይልድ ቤኔፊት ልናመለክት ነው» አለ መስፍን ከኔ ቀድሞ።

«ጎሽ! ቶሎ አፕላይ አድርጉ። እኔ አራቱን ያሳደግሁት በእሷ እየተደጎምኩ ነው። ቼኳ በስሜ ነበር የምትመጣው። ለእናትየው ነው የሚልኩት።»

መስፍን ፈገግ አለ። «ያኔ እንደዚያ ሆኖ ይሆናል፣ እማማ።»

«ያኔም ዛሬም ያው ነው፣ ልጄ» አሉና ባቡሩ ሲደርስ ሌላ በር መርጠው ገቡ።

መስፍን ከቨሩን ከአንድ ብብቱ ወደ ሌላው አዛወረው። ያንን ቅጽ ማየት ነበረብኝ። አሁን አሳየኝ ብለው ምን ይለኛል? በባቡር ውስጥ፣ በሰው ፊት፣ በልጆቹ ፊት፤ ይልቅ የናታንን ኮፍያ ጆሮው ድረስ ሳብኩለት። ፔፕ ጣቢያ ወርደን በሌላ ባስ ወደ ሰሜን ስንሄድ መንገዱ አንድ ሰፊ ሸለቆ ያቋርጣል። ከታች ቅጠል የሌላቸው ዛፎችና የማያቋርጥ የመኪና ሰልፍ ይታያል፤ ማዶ የፍሌሚንግደን ሕንፃዎች በቡድን ቆመዋል። ሶልያና «የእኛ ቤት የቱ ነው?» አለች።

ፍሌሚንግደን ፓርክ

ቢሮው ከአንድ ረጅም ሕንፃ ሥር ነው። አዲስ መጪዎችን በነፃ ቅጽ ያስሞላሉ፣ ያስተረጉማሉ። የተቀበለችን ሊዲያ የምትባል እዚሁ የተወለደች ወጣት ናት፤ እናቷ አማርኛ እንዳስተማረቻት ነገረችን። ለመስፍንም ለኔም አንተ፣ አንቺ ነው የምትለው። ክፋት የላትም፤ ሌላ አታውቅም። መስፍን ግን ቁጭ በል ለማለት «አንተ ሲት አድርግ» ስትለው አገጩ ትንሽ ጠበቅ አለ።

ቅጹን አውጥታ አየችው። የልደት ወረቀቶቹን፣ የመኖሪያ ሰነዶቻችንን፣ ሁሉንም አገላበጠች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች።

«ኦኬ… ሃንድራይቲንግህ ቢዩቲፉል ነው። ግን አፕሊካንቱ፣ አመልካቹ፣ አንተ ነህ?»

«አዎ። የቤተሰብ ኃላፊ እኔ ነኝ።»

አሁን ገባኝ። የኛ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ነው የሠራው። በቀበሌያችን ቅጽ ላይ የመጀመሪያው መስመር የቤተሰብ ኃላፊ ነው፤ አባወራው እዚያ ይገባል፤ ሚስት ሁለተኛ፣ ልጆች ከሥር። እዚህ የተጠየቀው ግን ሌላ ነው፤ ልጆቹን በዋናነት የሚንከባከበው ማን ነው የሚል።

«ኖ፣ ኃላፊ አይደለም» አለች ሊዲያ። «ልጆቹን ማን ነው ኬር የሚያደርገው፣ ኤቭሪ ደይ። እናትና አባት አብረው ካሉ ጋቨርንመንቱ እናት ናት ብሎ አስዩም ያደርጋል፣ ይገምታል። አንተ አፕላይ ማድረግ ትችላለህ፤ ግን እሷ ሌተር ሳይን ማድረግ አለባት። እሱ ነው የሚንከባከበው ብላ።»

«ትፈርማለች» አለ መስፍን። ወደ እኔ እንኳን ዞር አላለም።

ሊዲያ ወረቀት አምጥታ ጥቂት መስመር ጻፈችና ፊቴ አስቀመጠች፤ ብዕሩንም ከላዩ። በትህትና፣ በቀስታ፣ «እንደዚህ ነው? ትሩ ነው፣ እውነት?» አለችኝ። ከዚያ ወደ መስፍን ዞራ፣ «ዶክተር ማን ነው የሚወስዳቸው?»

«ሁለታችንም።»

«የዶክተራቸው ስም?»

መስፍን የልደት ወረቀቶቹን መደርደር ጀመረ። ናታን አስም አለበት፤ ከመጣን ወዲህ ብቻ ሦስት ጊዜ ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፤ በባስ፣ ብቻዬን። ስሟን አውቃለሁ። መንገር እችል ነበር። አልነገርኩም፤ ብነግርም ባልነግርም ባሌን በሰው ፊት ማዋረድ ሆነብኝ። ባል በባዕድ ፊት አይገለጥም ተብሎ ነው ያደግኩት። ብዕሩን አነሳሁ። ብፈርም ቀኑ በሰላም ያልፋል፣ ቤታችንንም እንከራያለን፣ ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። አንብቤ የፈረምኩት ነገር ውሸት ይሆናል።

ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ልጆቹን የምይዘው እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም።

ሊዲያ አዲስ ቅጽ አመጣች። በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሜን አባቴን ጨምሬ ጻፍኩ፤ ጽሕፈቴ እንደ መስፍን አያምርም። ሞልቼ ስጨርስ፣ ፈርሜም፣ ቅጹን ወደ እሱ አዞረችው። «አንተ ደግሞ እዚህ ሳይን አድርግ፣ ስፓውዝ፣ የትዳር ጓደኛ የሚለው ጋ። ሁለታችሁም ካልፈረማችሁ አይሄድም።»

መስፍን መስመሩን አየው። ተነሳ፤ ጃኬቱን ለበሰ፤ ዚፑን እስከ አንገቱ ሳበ።

«አስብበታለሁ» አለ።

ሊዲያ ቅጹን በፖስታ አድርጋ ለኔ ሰጠችኝ። «ሲፈርም በፖስታ ሜይል አድርጊው፣ ኦኬ? ቶሎ። ሌት አታድርጊ» አለችኝ፤ ትከሻዬንም ነካ አደረገችኝ። ያቺ ንክኪ ልታስለቅሰኝ ነበር።

ብሉር

ፔፕ ጣቢያ ስንመለስ መስፍን ወደ ስካርቦሮ የሚሄደውን ባቡር ሳይሆን በተቃራኒው ያለውን ያዘ። የት ነው አላልኩም። ጋሪውን እየገፋሁ፣ ሶልያናን እየጎተትኩ ተከተልኩት። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ የዋሻውን ጨለማ ያያል። ቁጣ ቢያወጣ ይሻለኝ ነበር፤ መስፍን ሲናደድ እንደ ዘጋ ሱቅ ነው።

ከመሬት በላይ ስንወጣ ብሉር ነን። አማርኛ የተጻፈባቸው ሱቆች፣ የበርበሬ ሽታ፣ በር ላይ ቆመው ስልክ የሚያወሩ ወንዶች። አንድ ምግብ ቤት ገባን። ጾም ስለሆነ በያይነቱ አዘዝን፤ አንዱ ሃያ ሁለት ዶላር ነው፤ በአራት እጅ አንድ ትሪ። ምስሩ ጥሩ ነበር፣ እንጀራው ትንሽ ወፍራም። ሶልያና ሽሮውን ጨርሳ አስተናጋጇ ወደከፈተችው ቴሌቪዥን ሄደች። ያኔ ነው መስፍን አፉን የከፈተው።

«አዋረድሽኝ።»

«አልዋሸሁም።»

«እውነቱን አይደለም የምልሽ። ሰናይት፣ በዚህ አገር እስካሁን ስሜን የጠየቀኝ ሰው የለም። ወንድሜ ሠፈር የእሱ ወንድም ነኝ። ሥራ ስፈልግ እንደውልልሃለን ነው፤ አይደውሉም። አሁን ደግሞ በገዛ ልጆቼ ወረቀት ላይ ሁለተኛ! ምን ቀረኝ?»

አሳዘነኝ። በጣም አሳዘነኝ። ግን ከሐዘኑ ሥር ሌላ ነገር እንደ እንፋሎት ወጣ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«ስምህ በሁለቱም ልጆች ላይ አለ» አልኩት። «ሶልያና መስፍን። ናታን መስፍን። ትምህርት ቤት ቢሄዱ፣ ሐኪም ቤት ቢሄዱ፣ ቢያድጉ ቢዳሩ የሚጠራው ያንተ ስም ነው። የኔ የት አለ? በየትኛው ወረቀት ላይ ነው እኔ ከላይ ሆኜ የማውቀው? አንዱን አሳየኝና ይሄን ቅጽ አሁኑኑ ቀድጄ እጥለዋለሁ።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ በአጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች ጎንበስ ብለው መብላት ጀመሩ። አፈርኩ፤ ግን አልተመለስኩም። መስፍን የጎረሰውን ዋጠ። ከዚያ ሒሳብ ጠየቀ።

መመለሻ

ከብሉር እስከ ዋርደን ረጅም ነው። ናታን እንደ ማለዳው ጋሪ ውስጥ አልተኛም፤ አለቀሰ፤ መስፍን አንስቶ ደረቱ ላይ አስደገፈው። የልጁ ደረት ሲያፏጭ ሰምቶ ቀና ብሎ አየኝ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አለኝ። «ሲበርደው» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ጆሮውን ከልጁ ጀርባ ላይ አላነሳም። ባሱ ውስጥ ደግሞ የዶክተሯን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ በስልኩ ጻፈው።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረሽ የሚለኝ ካለ፣ ቅጽን ከቤት ሳይወጡ ማንበብ ነው እላለሁ፤ አብሮ፣ ሁለት ሆኖ፣ መብራት አብርቶ። ሌላው ትምህርት ይሄ ነው፦ እውነት መናገር ደስ ይላል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ለኔ ደስ አላለኝም። ቢሆንም ነገ ደግመሽ ተናገሪ ብባል እናገራለሁ።

ቤት ገባን። ከላይ ወንድምየው ደረጃው ላይ ቆሞ «እንዴት ሆነላችሁ?» አለ። መስፍን «እየሆነ ነው» ብሎት ወደ ታች ወረደ። የልጆቹን ጫማ ሳወልቅ ከኋላዬ «ቦርሳሽን አምጪው» አለኝ።

ፖስታውን አውጥቶ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የኔን ስም አነበበው፤ በዝግታ፣ እንደ አዲስ ሰው ስም። ከዚያ በዓይኑ ወደ ታች ወረደና የራሱን መስመር አግኝቶ ፈረመ። ፊርማው ትልቅ ነው፤ መጋዘን ሲያስረክብ የለመደው ባለ ጅራት ፊርማ ነው፤ ጅራቱ ከሳጥኑ ወጣ።

ብዕሩን አልከደነም። በጫፉ የፈረመበትን ሳጥን ነካ።

«የቤት ኪራዩ ውል፣ የቀበሌው፣ የትምህርት ቤቱ… አንቺ ሁልጊዜ የምትፈርሚው እዚህ ጋ ነበር?»

«አዎ፣ እዚያ ጋ።»

«ጠባብ ነው» አለ።

«ይለመዳል» አልኩት።