ባለ አንድ ልቡ ዘንባባ

ወንድሜ የደወለልኝ እኩለ ቀን ላይ ነበር። ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። እኔ ሱቃችን ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ጨርቅ እየለካሁ ነበር። ድምፁ የደስታ ድምፅ ስለመሰለኝ መቀሱን እንኳ ከእጄ ሳላስቀምጥ ነው ያዳመጥኩት።

«ዘንባባሽን አተረፍነው» አለኝ። «ውርጭ መትቶት ነበር፤ ቅጠሉ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቶ አገኘነው። ግን ሐሳብ አይግባሽ፤ እንደ እንሰት አድርገነዋል።»

«እንደ እንሰት ማለት?»

«ቆረጥነዋ። ልቡን አወጣንለት፤ አፈርና ፍግ ሞላንበት። ዝናብ ሲነካው ዙሪያውን ችግኝ ያወጣል። ከአንዱ ስንት ይሆንልሻል፤ ለየአጥቢያው ታድያለሽ።»

መቀሱን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ደንበኛዬ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ሰው አረፈ እንዴ?» አለችኝ። ሰው አላረፈም አልኳት። በዚያ ሙቀት ውስጥ ግን ክንዴን ብርድ ብርድ አለኝ፤ ለወንድሜ ምን ብዬ ስልኩን እንደ ዘጋሁም አላስታውስም። አመስግኜው ይሆናል።

እንሰት ላላደገበት ሰው ወንድሜ የሠራውን መናገር አለብኝ። እኛ ጋ፣ ከቡታጅራ ወደ ተራራው ከፍ ባለው አገር፣ እንሰት የሚራባው እንዲህ ነው፦ ለጋውን እንሰት ከመሬት ከፍ አድርገው ይቆርጡታል፤ መሃሉን አጎድጉደው ልቡን ያወጣሉ፤ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ይደፍኑታል። ከዚያ ይጠብቃሉ። የሞተ የመሰለው ጉቶ ዙሪያውን ልጆች ያወጣል። ይህንን አባቶቻችን ሲሠሩት ያላየ ልጅ በሰፈራችን የለም። ልብ ማውጣት ለእኛ መግደል አይደለም፤ ማብዛት ነው።

ያ ዘንባባ ግን እንሰት አይደለም። የወንዝ ዳሩ ዓይነት፣ ከሥሩ ብዙ ቡቃያ የሚያወጣው ዘንባባም አይደለም። በከተማ መንገድ መሃል የሚተክሉት፣ ግንዱ ወፍራም፣ ብቻውን የሚቆም ነው። የሚያድገው ከአንድ ቦታ፣ ከመሃሉ ብቻ ነው። ያ ከወጣ ሌላ የለውም።

እንዴት እኛ ቤት እንደ ገባ ልናገር። ባለቤቴና እኔ ድሬዳዋ ከወረድን በኋላ ጽንስ ደጋግሞ ይወርድብኝ ነበር። እናቴ ይህንን ሰምታ ተሳለች። የእኛ አጥቢያ ለሆሳዕና ዘንባባ የሚመጣለት ከቆላ ነው፤ በመኪና ታስሮ ስለሚመጣ እኛ ጋ እስኪደርስ ጫፉ ይደርቃል፤ ልጆች ቀለበት ሲያደርጉት ጣታቸው ላይ ይሰበራል። ይህ ነገር እናቴን ሁልጊዜ ያሳዝናታል። እናም «ልጄ በሰላም ከተገላገለች ከገዛ ጓሮዬ እርጥብ ዘንባባ ለሆሳዕና አገባለሁ» አለች። እንዴት እንደሚሆን አላሰበችም። ስለት እንዲህ ነው፤ አፍ ይቀድማል።

ወንድ ልጅ ወለድኩ። ስለቱ እኔ ላይ ሆነ። እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ነኝ፤ ባለቤቴ «ፍርሃትሽን አውጥተን ብንሸጠው ጨርቁን እንተወው ነበር» ይለኛል። መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጥ ሰው ለጋ ዘንባባ ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት ስለ ብርድ ጠየቅኩት፤ «ይሄ ከእኔም ከአንቺም ብርድ ይችላል» ብሎ ሳቀ። አላመንኩትም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ ፈለግኩ። በረዶ በሚጥልበት አገር ዘንባባ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ፤ ቋንቋቸውን ባልሰማም እጃቸውን አየሁ። ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስበው ያስሩታል፤ እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ይጠቀልሉታል። ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚጠብቁት፣ መሃሉን። ውሃ ገብቶበት ብርድ ከደረሰበት ይበሰብሳል።

አውቶቡስ ላይ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሄድኩ። አጠገቤ የነበረ ሰውዬ ቅጠሉ ፊቱን ሲነካው «እህቴ፣ ለዛፉም ትኬት ቁረጪለት፤ እኔ ከፍዬ ነው የተቀመጥኩት» አለኝ። ከቡታጅራ ደግሞ በባጃጅ ነው የወጣነው።

ጎረቤቶች ሊያዩት መጡ። አንዱ ሽማግሌ ዞር ዞር ብለው አይተው «እዚህ ዘንባባ? የእኛ ብርድ እኛንም አልማረን እኮ» አሉ። ወንድሜ እንሰቱ መሃል ሊተክለው ፈለገ። እኔ እምቢ አልኩ፤ ፀሐይ ሲያገኘው የሚውለው የቤታችን የድንጋይ ግንብ አጠገብ አስተከልኩት፤ ድንጋዩ ማታ ሙቀቱን ትንሽ ይዞ ይቆያል ብዬ። ለእናቴ አስተማርኳት። ኅዳር ሲገባ ማታ ማታ ቅጠሉን ሰብስባ በቃጫ ታስራለች፤ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ትጠቀልለዋለች፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እንዲተነፍስ ትፈታዋለች። እኔም በየማታው እደውላለሁ። በቤታችን ቋንቋ ነው የምናወራው፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው እንዲህ ይሆናል።

«ሸፈንሽው እማዬ?»

«ሸፍኜዋለሁ።»

«መሃሉ ውሃ አልያዘም?»

«አልያዘም።»

«ደረትሽስ?»

«ደረቴም አልያዘም። አሁን ሂጂ ልጅሽን ሸፍኚ።»

«እዚህ ሙቀት ነው እማዬ።»

«እንግዲያ ግለጪው።»

ታስቀኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እፈራለሁ። የእናቴ ደረት ብርድ አይወድም። ያ ዛፍ ደግሞ በየማታውና በየማለዳው ወደ ብርድ ያወጣታል። ለዛፉ ስፈራ ለእሷ እፈራለሁ፤ «ዛሬ ተይው» ልላት ስል ስለቱ ትዝ ይለኛል፤ ልጄን አየዋለሁ፤ ዝም እላለሁ። ብዙ ዓመት እንዲህ ሄደ። ዛፉም ቁመቱ ከእናቴ ደረት ደረሰ። ለመጪው ሆሳዕና የውጪዎቹን ቅጠሎች እንቆርጣለን ተባባልን።

ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ወልቂጤ ወለደች። እናቴ ልታርሳት ሄደች። ዘንባባውን ለወንድሜ አደራ ሰጠችው። ሸፍኖታል፤ ይህንን አምነዋለሁ። ግን ያን ሳምንት የወረደው ውርጭ እንሰቱን ራሱን አቃጥሎት ነበር፤ ሜዳው ጠዋት በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር አሉኝ። ወንድሜ ቅጠሉን ገልጦ ሲያይ ደነገጠ። እናቴ ምን ትለኛለች ብሎ የሰፈሩን እንሰት ተካዮች ጠራ፤ እጃቸው የተመሰከረላቸውን። በጥንቃቄ ነው የቆረጡት። እንደዚያ መጠንቀቃቸው ነው እኔን ያስፈራኝ፤ ከልቡ ምንም አላስቀሩም።

ትንሽ ቀን ቆይቼ መልሼ ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ያ ዘንባባ አያወጣም» አልኩት።

«ምን አያወጣም?»

«ልጅ አያወጣም። አንድ ልብ ነው ያለው። እንሰት አይደለም።»

ከጀርባው ከብት ሲጮህ ይሰማኛል።

«እንሰት እኮ ልቡን ካላወጣሽለት አይወልድም» አለ፣ ልጅን እንደሚያስረዳ ሰው።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«የወንዙስ ዘንባባ? ከሥሩ ሲያወጣ አላየሁም?»

«የወንዙ ሌላ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?»

ስለ መሸፈን ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ስለ መቁረጥ ማን ያስባል? ይህንን አላልኩትም። «ለእማዬ ምንም እንዳትላት» አለኝ፤ እኔም እሺ አልኩ።

እናቴ ከወልቂጤ ስትመለስ በዚያው ማታ ደወልኩ። ስታለቅስ እሰማለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ደስ ብሏት ነበር የጠበቀችኝ።

«ወንድምሽ ብልህ ነው» አለችኝ። «እኔ ብሆን እስከ ጥር አመነታ ነበር። አፈሩ ደህና ተሞልቷል፤ እኔ ደግሞ ፍግ ጨመርኩበት። ማታ ማታ እሸፍነዋለሁ።»

«ጉቶውን?»

«ታዲያ ሌላ ምን አለ? ልጆቹ ሲወጡ ብርድ እንዳያገኛቸው።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ ወንድሜ እንዳይሰማ ይመስለኛል። «ካወጣ ስለቴ ተሰምቷል ማለት ነው። ልጄ፣ ሌላ ሰው አይስማኝ እንጂ ያን ጠዋት ውርጭ መታው ሲሉኝ፣ ከላይ አልተቀበለኝም ብዬ ነበር። የልጅሽን ነገር አሰብኩ።»

የልጄን ነገር።

በዚያው ሳምንት ልጄ ትኩሳት ያዘው። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፤ ተመረመረ፤ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ወሰደ፤ ዳነ። ድሬዳዋ ላይ ልጅ በወባ መታመሙ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጎረቤቴም ልጅ ታሞ ነበር፣ እነሱ ስለት የለባቸውም። ይህንን ሁሉ ለራሴ እነግረዋለሁ። ያም ሆኖ ግንባሩን በዳሰስኩ ቁጥር ያ የጎደጎደ ጉቶ ፊቴ ይመጣል። መታመሙን ከእናቴ ደብቄያለሁ።

ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ልጅ ሰጥቶ ለቅጠል ብሎ መልሶ አይወስድም። ዘንባባ ከገበያ ገዝታ ታግባ፤ ይበቃል። ስለቱ የእሷ እንጂ የዛፉ አይደለም።» አምናቸዋለሁ። መስቀል ተሳልሜ ስወጣ ቀሎኝ ነበር። ማታ ግን ስደውል፣ «ገና ነው፣ አላወጣም፤ ጠዋት ደግሞ አየዋለሁ» ትለኛለች፤ በመሃል ታስላለች። ሳሉ ዘንድሮ ከሌላው ጊዜ ረዝሟል። ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ እየነካካች እንደምታይ የወንድሜ ሚስት ነግራኛለች። ውርጩ አልፏል፤ የተራራው የማለዳ ብርድ ግን አላለፈም።

ሆሳዕና እየቀረበ ነው። ሄጄ ራሴ ልነግራት ወስኛለሁ፤ በስልክ አይሆንም። ግን ምን ብዬ እንደምነግራት አላውቅም።

ውርጩ ልቡን አስቀድሞ ገድሎት ከሆነ ወንድሜ ነጻ ነው። የቆረጠው የሞተ ነገር ነው። እናቴ ግን ከላይ አልተቀበለኝም ያለችው እውነት ይሆንባታል፤ የቀረውን ዕድሜዋን የልጄን ትንፋሽ ስትቆጥር ትኖራለች። ልቡ በሕይወት የነበረ ከሆነ ደግሞ ዛፉ ቅጠል ብቻ ነበር የጎደለው፣ ከመሃሉ አዲስ ያወጣ ነበር። እንግዲያ ስለቷን የመለሰባት የለም፤ የሰው እጅ ነው የተሳሳተው። ያ እጅ ግን የልጇ ነው፤ እሷን ደስ ላሰኝ ያለው። ወንድሜ ከሰማኝ ጊዜ ጀምሮ በዚያ ግንብ በኩል አያልፍም አሉኝ። ሁለቱም ያስፈሩኛል።

ወንድሜን ጠይቄዋለሁ፤ «መሃሉ ነጭ ነበር ወይስ የጠቆረ?» አልኩት። «ጎንበስ ብዬ የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ቅጠሉን ይዤላቸው ነበር፤ እግዜር ያውቃል አላየሁም» አለኝ። ሚስቱን ጠየቅኳት፤ የወጣውን ልብ ሰብስባ የጣለች እሷ ናት። መጀመሪያ «ነጭ ነበር መሰለኝ» አለችኝ። ለምን እንደ ጠየቅኳት ሲገባት «እኔ እንጃ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አላስታውስም» አለች። ከዚያ በኋላ ስደውል ስልኩን ቶሎ ለባሏ ትሰጠዋለች። አልፈርድባትም።

ስለዚህ ይህን ከሚያነቡት ሁሉ ልጠይቃችሁ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያን ጠዋት ግንባችን ሥር የነበራችሁ፣ ቢላውን የያዛችሁትም፣ ፍጉን ያቀበላችሁትም፣ ቆማችሁ ያያችሁትም። እንሰት ስትቆርጡ የልቡን ቀለም ሳታዩ እንደማታልፉ አውቃለሁ፤ በአባቴ ጓሮ ስትሠሩ አይቻችኋለሁ። ማን ቆረጠ ብዬ አልጠይቃችሁም። በጎ አስባችሁ ነው የሠራችሁት፤ እናቴም ስትመርቃችሁ ሰምቻለሁ። የምለምናችሁ እናቴ ዘንድ ከመግባቴ በፊት እንድትነግሩኝ ነው፤ ከባጃጅ ስወርድ መንገድ ላይ አስቁሙኝ፣ ወይም በሰው ላኩብኝ። ልቡ ሲወጣ ነጭ ነበር፣ ጭማቂ ነበረው? ወይስ ጠቁሮ ይሸት ነበር? ለእኔ አዝናችሁ፣ ለወንድሜም አዝናችሁ አታሳምሩልኝ። ያያችሁትን ቀለም ንገሩኝ።