ለሁለት ያካፈልኳቸው ጎማዎች

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን በመታው ቁጥር ይመጣብኛል። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ፣ ሌላ ሰው ከሚያወራው እኔው ልጻፈው ብዬ ነው።

የምኖረው ደሴ ነው። ሰዓዳና አብዱ የሚባሉ ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደግኋቸው እኔ ነኝ። አድልዎ አልወድም። ልጆች ሳሉ የተቀቀለ እንቁላል እንኳ በክር ቆርጬ እኩል ነበር የማካፍላቸው።

ሁለቱም አሮጌ ኮርሳ ብስክሌት አላቸው። አብዱ እዚሁ ደሴ ኮሌጅ ይመላለስበታል። ሰዓዳ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለምትሠራ በየጠዋቱ የሐረጎን ቁልቁለት ትወርዳለች፤ ማታ ብስክሌቷን የጭነት መኪና ላይ ጭና ትመለሳለች። ክረምቱ ሲገባ የሁለቱም ጎማ አልቆ ክሩ ወጥቶ ነበር።

ሦስታችን ጎማ ልንገዛ ሄድን። የያዝኩት ብር ከሁለት ጎማ በላይ አይገዛም። ሻጩ መጀመሪያ ቀጭንና ልሙጥ ጎማ አወጣ። ቀጥሎ ረከስ ያለውን፣ ሰፋ ብሎ ጥርስ ያለውን አሳየን።

«እማማ፣ ለክረምት ይኼ ይሻልዎታል። ንፋሱን ትንሽ ቀነስ ካደረጉት መሬት ይይዛል» አለኝ።

በጥፍሬ ጫን ጫን አደረግኩት። ጥሩ ነበር።

«አንድ ለእሷ፣ አንድ ለእሱ» አልኩት።

ሳቀ። «ጎማ እኮ ዳቦ አይደለም፣ እማማ። ሁለቱንም ለአንዱ ብስክሌት ያድርጉት። የኋላው አሮጌ ከሆነ በዝናብ ይንሸራተታል።»

«ለሰዓዳ ይሁን» አለ አብዱ። «እኔ ከከተማ አልወጣ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እማዬ፣ ሐረጎን የምወርደው እኮ እኔ ነኝ» አለች ሰዓዳ ቀስ ብላ።

«እኔ ቤት መበላለጥ የለም!»

ሻጩ ትከሻውን ነቅንቆ ለእያንዳንዳቸው አንድ አዲስ ጎማ ከፊት ገጠመላቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐረጎ በጉም ተሸፍኖ ያካፋ ነበር። ኩርባው ላይ የሰዓዳ የኋላ ጎማ ተንሸራቶ ጣላት። ከኋላዋ ይወርድ የነበረው የጭነት መኪና ፍሬን ቢይዝም አልቆመም። እግሯ ላይ ወጣ። ሐኪሞቹ ግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ሾፌሩን ይዘው ለዕርቅ መጡ። አንገቱን ደፍቶ በራፉ ላይ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ምላሴን ያውቃልና ሁሉም ጩኸቴን ይጠብቃል። እኔ ግን አብዱን የእህቱን የኋላ ጎማ ፈትቶ እንዲያመጣ አዘዝኩት፤ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጥኩት።

«ልጄን የጣላት ይኼ ነው» አልኩ። «አሮጌውን ያስቀረሁባት ደግሞ እኔ ነኝ። አንተ ቀና በል።»

«ኧረ ሐጂያ፣ አላህ ያመጣው ነው» አሉኝ አንደኛው ሽማግሌ።

«አላህ ላይ አታላክኩ። አላህማ በሦስት ሰው አፍ ነግሮኝ ነበር።»

ሾፌሩን እጁን ይዤ ወደ ቤት አስገባሁት።

በማግስቱ አብዱ የራሱን አዲስ ጎማ ፈትቶ ለእህቱ ብስክሌት ገጠመላት። ብስክሌቱ አሁን ሁለት ጥሩ ጎማ አለው፤ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

በቀደም እንቁላል ቀቅዬ ክር ሳነሳ ሰዓዳ በክራንቿ እንደቆመች አየችኝ። «እማዬ፣ የአብዱንም እግር በዚያው ክር አካፍይን እንጂ» ብላ ሳቀች። አብዱም ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ክሩን እሳት ውስጥ ጣልኩት። ሰዓዳ ይቅር ብላኛለች። እኔ ግን ሲዘንብ ያ ሻጭ «ጎማ እኮ ዳቦ አይደለም» ሲለኝ ይሰማኛል።