በስፓኒሽ የተማርኋቸው ድልድዮች

ከሃቫና የተነሣነው ማምሻውን ነበር። መንግሥት በልጅነቴ ኩባ ልኮ አስተምሮኛል፤ የመሐንዲስነት ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ አገሬ ስመለስ አውሮፕላኑ ነዳጅ ሊቀዳ ጋንደር በምትባል የካናዳ ከተማ አረፈ። አገር ቤት ጦርነቱ ገና አልበረደም ነበርና፣ መንገደኞቹ ተመልሰው ሲሳፈሩ እኔ ቀረሁ። ወደ አንድ ፖሊስ ቀርቤ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥገኝነት ጠየቅሁ። አባቴ ዘመድ ሰብስበው ይጠብቁኝ ነበር። በኋላ በስልክ «ለምን ቀረህ?» ቢሉኝ፣ ፈራሁ ማለት አሳፍሮኝ «እዚህ ድልድይ ልሠራ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል እውነት ከማድረግ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ኩባ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የሃቫና ሙቀት እንደ እርጥብ ጋቢ ይጠመጠማል። በኋላ የገባሁባት የቶሮንቶ ብርድ ግን እንደ ኬላ ጠባቂ ኪስ ድረስ ይፈትሻል። ኩባ ሳለሁ ሽሮ ይናፍቀኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የኩባ ሩዝና ጥቁር ባቄላ መናፈቄ ራሴን አስገረመኝ።

ፓርክዴል በሚባል የከተማው ሰፈር ክፍል የተጋራሁት ታደለ ታክሲ ነጂ ነው። እንደ አገራችን ልማድ «ኢንጂነር» ብሎ ይጠራኛል፤ ቀን ቀን ኢቶቢኮ ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እንደምሸከም እያወቀ! ይህን ፖላንዳዊው አከራያችን ሰማ።

«ኢንጂነር ነህ አሉ?»

«አዎን፣ የድልድይ።»

«እንግዲያው ማሞቂያውን ጠግን።»

«ጌታዬ፣ እርሱ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው።»

«እኔ አገሬ የሒሳብ መምህር ነበርሁ። ያዝ መፍቻውን!»

ታደለ በሩን ተደግፎ ይስቃል። «አይዞህ ኢንጂነር፣ ውኃው ካመለጠህ ድልድይ ትሠራበታለህ!»

በመጨረሻ አንድ ድርጅት ስፓኒሽና ድልድይ የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልግ ጋዜጣ ላይ አነበብሁ። ድልድይን የማውቀው በስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ፣ ከመጋዘን መልስ ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ለእያንዳንዱ የድልድይ ዓይነት የእንግሊዝኛ ስም ፈለግሁለት። «ፑዌንቴ ኮልጋንቴ» እንደ ልብስ ማስጫ ከረገበ ገመድ ላይ የሚንጠለጠለው ነው፤ «ሰስፔንሽን» ይሉታል። «አቲራንታዶ» ከምሰሶው በቀጥታ በተወጠሩ ገመዶች የሚያዘው ነው፤ «ኬብል ስቴይድ» ሆነ። ከሁለቱ ዳርቻዎች እንደ ታዛ ወጥቶ መሐል ላይ የሚገናኘው «ቦላዲሶ» ደግሞ «ካንቲሌቨር» ተባለ። ስማቸውን ሳገኝ የሰጠመው ትምህርቴ ከባሕር የወጣ ያህል ደስ አለኝ።

ላመለክት ስሄድ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ የጨረታ ሰነድ እንድተረጉም ሰጠኝ።

«የሠራኸው ድልድይ አለ?»

«የነደፍሁት አለ። ሲሚንቶ ጠፍቶ ወረቀት ላይ ቀረ።»

«የካናዳ ኤክስፒሪያንስስ?»

«ለእርሱ ነው የመጣሁት፣ ጌታዬ።»

ተረጎምሁ። ዕውቀቴን እንዲያይልኝ በየስሙ ጎን ድልድዩን ነደፍሁ፤ ክብደቱ የት እንደሚያርፍ በቀስት አመለከትሁ። ሰውዬው አንብቦ፣ «ትርጉሙ እጅግ ጥሩ ነው፤ ሰኞ ጀምር» አለኝ። ከዚያም ሥዕሎቹን ለይቶ በትሕትና መለሰልኝ።

«እነዚህ አያስፈልጉም። የሚነድፉ መሐንዲሶች አሉን።»

አመሰገንሁት፤ ፈረምሁም። ፊቴ ግን እስከ ትራሙ ድረስ ይነድ ነበር።

አባቴ የሚያናግሩኝ በጎረቤታችን በእትዬ የሺ ስልክ ነው። «አባባ፣ የድልድይ ድርጅት ቀጠረኝ» አልሁ። ለትርጉም ሥራ መሆኑን ገና ሳልጨምር ድምፃቸው ከስልኩ ራቀ፦ «የሺ! ልጄ ድልድይ መሥራት ጀመረ!»

እልልታው ቀለጠ። ጎረቤቱ ሁሉ የተሰበሰበ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ እልልታው ግን አልበርድ አለ።

«ሰማህ?» አሉ ተመልሰው። «ዘመዱ ሁሉ ሲያማህ ነበር እኮ። ዛሬ ቀና አልሁ! ለመሆኑ ምን ዓይነት ድልድይ ነው?»

«በገመድ የተወጠረ ነው፣ አባባ።»

«ሰው ይችላል?»

«መኪናም ይችላል።»

«እሰይ! እንግዲህ ሲያልቅ ላዩ ላይ ቆመህ ፎቶ ተነሣና ላክልኝ።»

«እሺ፣ አባባ» አልሁ።