የጋሼ መኮንን ጣፋጭ ሥር

ልጅ ሳለሁ፣ ከአገር ርቀን ክሊንተንቪል በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን፣ የእናቴ አጎት ጋሼ መኮንን አመሻሹ ላይ ወጥ ቤት ተቀምጠው ተረት ይነግሩኝ ነበር። ጭስም ፍምም አልነበረም፤ ከድስቱ የሚወጣው እንፋሎትና የምድጃዋ ትንሽ መብራት ብቻ። ድስቱ ውስጥ የሚንተከተከው፣ ሪከንባከር መጋዘን አብሯቸው የሚሠራ ቻይናዊ ለሳላቸው የሰጣቸው ቢጫ ሥር ነው። ያኔ አንድ ጉንጭ አቅምሰውኝ ከስኳር በላይ ጣፍጦኛል።

አንዱ ተረታቸው ስለ አንድ መድኃኒት አዋቂ ነበር። ሰውየው አገሩን ሁሉ የሚፈውስበትን ሥር ስም ለሚስቱ ቢነግራት፣ ሥሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማገዶ እንኳ የማይረባ ሆኖ ቀረ። «ስሙ የተነገረ መድኃኒት ይረክሳል፤ አንቺም የኔን ለማንም እንዳትነግሪ» አሉኝ። ማልኩላቸው።

በረዶው ሲገባ እግራቸው አበጠ፤ የደም ግፊታቸውም በኪኒን አልወርድ አለ። እናቴ ሥራ ስለነበረች ለማስተርጎም ክሊኒክ አብሬያቸው የሄድኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሐኪሟ የደም ምርመራውን አይታ፣ ፖታሲየማቸው እንዲህ እየወረደ ከሄደ ልባቸው ሊቆም እንደሚችል ተናገረች። ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር እንዳለም ጠየቀች።

«ምንም የለም በያት» አሉኝ ጋሼ።

በጣም ፈራሁ። «ጋሼ፣ አይም ሶሪ» አልኩና ሁሉንም በእንግሊዝኛ ዘረገፍኩት። ሐኪሟ ቢጫና ጣፋጭ መሆኑን ስትሰማ፣ ሊኮሪስ የሚባለው ሥር ሳይሆን አይቀርም አለች። የሚያጣፍጠው ግሊሲራይዚን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲበዛ፣ ሰውነት ጨው እንዲይዝና ፖታሲየም እንዲያባክን እንደሚያደርግም አስረዳችኝ። ያንንም ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ኮፍያቸውን አንስተው አደረጉ።

ሥሩን ተዉ፤ በጥቂት ሳምንታት እብጠቱ ጎደለ፣ ግፊቱም ወረደ። አልተቆጡኝም። እንደ ወትሮው እየመጡ ግንባሬን ይስሙኝ ነበር። ተረቱ ግን ለታናሽ ወንድሜ ብቻ ሆነ። እኔ ወጥ ቤት ስገባ ዝም ይላሉ፤ ወንድሜ «ጋሼ፣ ዜን ዋት? ከዚያስ?» እያለ ይነዘንዛቸዋል፤ ስወጣ ይቀጥላሉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ዛሬም ያ የክሊኒክ ክፍል ውስጥ ብቀመጥ ያንኑ እናገራለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የሰማኋቸውን ተረቶች ግን መካከላቸውን እንጂ መጨረሻቸውን አላውቅም።