ከሠርጉ ፎቶ ላይ ያጠፋኋቸው ሽማግሌ

ትናንት ቀትር ላይ ነው... አሁን ስጽፈው ራሱ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ፓርክላንድስ ሰፈር ባለችው ሱቄ በሌዘር ማሽን እንጨት ላይ ፎቶ እንደምቀርጽ ታውቃላችሁ። ኢስትሊ ገበያ ልብስ የሚሸጡት እትዬ ዘነቡ ላባቸውን እየጠረጉ ገቡና የልጃቸውን የሰናይትን የሠርግ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ዛሬ ከባሏ ጋር ወደ ካምፓላ ልትሄድብኝ ነው። አውቶቡሱ ሳይነሳ ይህን እንጨት ላይ አውጣልኝ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት፣ ባዶ እጇን አልሸኛትም።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ፎቶ ኮፒ አይደለም! ማሽኑ ይንቀራፈፋል...»

«አንተ ልጅ፣ በሞቴ!»

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? እሳቸው ሻንጣ ሊያስሩ ሄዱ፣ እኔ ፎቶውን ስካን አድርጌ ሶፍትዌሩን ከፈትኩ። ሦስት ሰዓት ይፈጃል አለኝ። ጉድ ፈላ! ፍጥነቱን ጨመርኩ። በመስመሮቹ መሀል ያለውን ክፍተት አሰፋሁ። ሌዘሩ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን ሲመለስም እንዲያቃጥል አደረግሁ። አሁንም አይደርስም።

የቀረኝ አንድ ዘዴ ነበር። ማሽኑ ነጭ ቦታ ላይ አይለፋም፣ ዘሎት ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ከሙሽሮቹ ጀርባ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ነጭ ማድረግ።

ዛፉን አጠፋሁ። ድንኳኑን አጠፋሁ። ከሰናይት ጀርባ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል... ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ባርኔጣቸውን በግራ እጃቸው ይዘው፣ ቀኝ እጃቸውን እሷ ትከሻ ላይ አሳርፈዋል።

«ይቅርታ አባቴ፣ አውቶቡስ ሊያመልጠን ነው» ብዬ እሳቸውንም አጠፋኋቸው። ጣቶቻቸውን ብቻ ተውኩ። እነሱን ልንካ ብል ቬሎውን ላበላሽ ነው።

ከዚያማ ማሽኑ በረረላችሁ! እትዬ ዘነቡ በመኪናው ጃም መሀል ተጋፍተው ሲመለሱ እኔ እንጨቱን እየወለወልኩ ነበር። እሰይ፣ እሰይ እያሉ ተቀበሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ዓይናቸው የሙሽራዋ ትከሻ ላይ ቀረ።

«ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የሽማግሌው ነዋ። ጊዜ ስላነሰን ከጀርባ ያሉትን አጠፋኋቸው...»

«የምን ሽማግሌ?»

ላሳያቸው ፎቶውን አነሳሁ። ዛፉ አለ። ድንኳኑ አለ። ከሰናይት ጀርባ ማንም የለም፣ ትከሻዋም ላይ ምንም የለም። የመጀመሪያውን ስካን እንዳልከፍት ያረምኩትን በላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበታለሁ። ፎቶውን እንደገና ስካን አደረግሁት... ማንም የለም። በስመ አብ!

ያየሁትን ነገርኳቸው። ኮቱን፣ ባርኔጣውን...

«ባርኔጣው በየትኛው እጁ ነበር?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«በግራ።»

ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ቁጭ አሉ።

«አባቷ ነው። ሠርጓን ሳያይ ነው የሞተብን» አሉ። «ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም ነበር። ከታመመ ወዲህ አንስቶት አያውቅም እኮ...»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ልጅቷን በመንገዷ ላለማስደንገጥ አንድም ቃል እንደማይነግሯት ነግረውኝ፣ እንጨቱን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ።

አመሻሽ ላይ ደወሉልኝ። ምንም አልነገሯትም። ሰናይት አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ ነጠላውን ገለጥ አደረገች፣ ጣቶቹን ዳሰሰቻቸው፣ ከዚያም ቀና ብላ ጠየቀቻቸው...

«እማዬ፣ አባዬን ለምን ቆረጣችሁት?»

ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑ እንደ ኤሊ ይጎተት... እኔ ከማንም ጀርባ ማንንም አላስወጣም።