ከላይ የሚወርድ ጨረር

ፀሐዩ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ አብረን ሠርተናል፤ እኔ ከፊት ሆኜ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፤ እሱ ከመጋረጃው ኋላ ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ ፎቶዎች ላይ ጨረር ይጨምራል። መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጦ ለሰው ፀሐይ ሲያወጣ የሚውል ሰው ሌላ ምን ይባላል?

ሲሠራ ላየው ቀላል ይመስላል። ከፎቶው ደማቁን ቦታ ይቀዳና ከአንድ ነጥብ ጀምሮ ወደ ውጭ እየሳበ ያደበዝዘዋል፤ ሲያሳሳው ደመና ሰንጥቆ የወጣ ጨረር ይሆናል። ዛሬ ስልኩም ያደርገዋል፤ ግን ስልክ ሰው አፍንጫ ላይ ሳይቀር ይደፋዋል። ፀሐዩ ሕግ ነበረው። ለሙሽሮች ከጎን፣ በመስኮት እንደገባ። ለሕፃናት ከኋላ፣ ፀጉራቸው ላይ። ለሟች ከላይ፣ ቀጥ ብሎ አናት ላይ። ሰፈርተኛው ይህን ሳይነገረው ለምዶታል፤ ሰው ቤት ገብቶ ከላይ ጨረር የወረደበት ፎቶ ካየ "ነፍስ ይማር" ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ሌላም ልማድ ነበረን፤ የተረገመ ልማድ። እናት የጎልማሳ ልጇን ፎቶ ይዛ ስትመጣ "ሞቷል ወይ?" ብለን አንጠይቅም። ማን አፉን ሞልቶ ይጠይቃል? ፊቷን አይና መጋረጃውን ገልጬ "የሟች ነው" ወይም "የደህና ነው" እለዋለሁ። ዓይኔ አይስትም እያልኩ እኩራራም ነበር።

እኚያ እናት የመጡት አንድ ጠዋት ነው። ከመሐረብ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ፈትተው ሰጡኝ። የልጃቸው ፎቶ አለበት፤ በትልቁ ታትሞ ፍሬም እንዲገባላቸው፣ ጨለም ስላለም ትንሽ እንዲፈካላቸው ይፈልጋሉ። ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ስልኩ ተሰብሯል፣ ሌላ ቅጂ የለኝም አሉ። እኔ ምኑን ሰማሁት! ፊታቸውን አይቼ ጨርሻለሁ። መጋረጃውን ገልጬ "የሟች ነው፤ አሳምርላቸው" አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው።

አሳመረላቸው። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ኮምፒውተሩ ሞላ እያለ ስለሚነጫነጭ ፀሐዩ የሚሠራው እዚያው ደንበኛው ካርድ ላይ ነው፤ ጨረሩን ከፎቶው ጋር ያዋህድና በዋናው ላይ ደርቦ ያስቀምጠዋል፤ የቀድሞው አይተርፍም። የዚያን ቀኑ ጨረር ደግሞ፣ ምን ልዋሽ፣ ከሠራው ሁሉ ያምር ነበር።

በማግስቱ መጡ። ፍሬሙን ሳዞርላቸው ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ የሰማችሁት ነገር አለ?"

ለካ ልጃቸው ሥራ ፍለጋ ርቆ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው፤ መደወል ካቆመ ሦስት። ሞተ ያላቸው ሰው የለም። ምንም አልሰማንም፣ የኔ ጥፋት ነው ብዬ ማልኩ፣ ተገዘትኩ። እሳቸው ጨረሩ ብቻ ይነሳልኝ አሉ።

ፀሐዩ ሦስት ቀን ታገለ። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም፤ ግንባሩንና አንድ ዓይኑን ብርሃኑ በልቶታል። እየቀባ ሲሞላው የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። በመጨረሻ እውነቱን ነገራቸው፤ "እማማ፣ የጠፋውን ከየት አመጣዋለሁ? ከራሴ ፈጥሬ ብቀባው ልጅዎ አይሆንም።"

ከነጨረሩ ወሰዱት። ያላቸው የጎልማሳ መልኩ እሱ ብቻ ነዋ።

ከዚያ ወዲያ ቤታቸው የገባ ሁሉ ፎቶውን እያየ ያጽናዎት ይላቸው ጀመር። አልሞተም፣ የፎቶ ቤት ስሕተት ነው ብለው ያስረዳሉ። ሰው ደግሞ እሺ እያለ በሐዘኔታ ያያቸዋል። በየወሩ እኛ ጋ እየመጡ ጨረሩን የሚያነሳ አዲስ ነገር ወጥቶ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ፀሐዩ እያስቀመጣቸው እንደገና ይሞክራል፤ አልሆነም ሲላቸው አመስግነውት ይሄዳሉ። እሱም ጨረር መሥራት እርም አለ። ሙሽሮች ለምነው ለምነው ሄዱ፤ ባለቤቱ ለምን አስቀምጬሃለሁ እያለ ይጮህበታል። እኔ እንኳ ፀሐዩ ብዬ መጥራት አፈርኩ።

በስምንተኛው ወር እኚያ እናት ጥቁር ለብሰው መጡ። ፀሐዩ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ።

"እማማ፣ ወሬ መጣ?"

"ምንም አልመጣም" አሉት። "ለመጣው ሁሉ አልሞተም ማለት ደከመኝ። ትናንት ለአንዷ አሜን አልኳት።"

ወንበር አቀረበላቸው። እኔም "እግዜር ያጽናዎት" አልኳቸው።